«ሰው አለ?» የሚለው ቤት

እስከ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ድረስ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰዎችን ዝም ለማሰኘት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚከፈለኝ ሰዎችን ለማናገር ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ወንበሬም፣ ከወንበሬ ጀርባ የጦሳን ተራራ የሚያሳየው መስኮትም አልተነሡም። የተነሣው በሩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ነው። «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ወርዶ «መገናኛ ቤት» የሚል ተሰቀለ፤ ከሥሩም በአረንጓዴ ቀለም «ራሱን የቻለ» ተብሎ ተጻፈ። የሥራ መደቤም «አነጋጋሪ» ሆነ። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ እንዲህ ያለ ሙያ አልነበረም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ጣራው ላይ ወጥቼ የጉም መረቡን አያለሁ። ደሴ ጉም አጥታ አታውቅም፤ ሲነጋ መረቡ ላይ የቀረው ጤዛ እየተንጠባጠበ በርሜሉ ውስጥ ይገባል፤ የቀኑ የእጅ መታጠቢያና የሻይ ውሃችን እሱ ነው። ከዚያ ወርጄ ግድግዳዎቹን በእጄ እየዳሰስኩ አዳራሹን አንድ ጊዜ እዞራለሁ። ይህ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ቤቱ ሲታደስ ለዐሥር ዓመት ማንም ያልተዋሳቸው መጻሕፍት ተጨምቀው ብርድ እንዲከላከሉ ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል። ዐሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ናቸው። መዝጋቢዋ እኔ ስለነበርኩ የት የት እንዳሉ አውቃለሁ። ታሪክ በሰሜን በኩል ነው፤ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ ወፍራም ወፍራሙ ተመረጠ። ሕግ መጸዳጃ ቤቱን ከአዳራሹ ይለያል። ከብት እርባታ ከሕፃናቱ መጫወቻ ጀርባ ነው። ቤቱ በእውነት ይሞቃል። ሳልዋሽ ለመናገር፣ መደርደሪያ ላይ በነበሩበት ዘመን እንዲህ አላሞቁንም።

ዞሬ ሳልጨርስ ቤቱ ይጠይቀኛል።

«ሰው አለ?»

ድምፁ የሴት ነው፤ ለስላሳ፣ ትንሽም የተጨነቀ የሚመስል። ቤቱ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ግድግዳው ላይ ባለ የሰው ድምፅ ቆጣሪ ነው። ስድስት ደቂቃ ምንም ካልሰማ መብራቱን ያደበዝዛል። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ «ሰው አለ?» ይላል። በየዐሥር ደቂቃው ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ካጣ መብራቱን፣ ውሃውንና ሙቀቱን ዘግቶ፣ «ቤቱ ባዶ ነው፤ መልካም ቀን» ብሎ ይተኛል። ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት ማባከን በሕግ ከተከለከለ ቆይቷል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንደሌለ እንዲቆጠር የወሰነው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

«አለሁ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከእንቅልፌ ከተነሣሁ ጀምሮ የምናገረው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

ሰዎቹ ሁለት ሰዓት ላይ መምጣት ይጀምራሉ። ሁሉም ጆሮው ውስጥ ጠብታ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ አለው። ጠብታው ያጫውታል፣ ያስታውሳል፣ ዜና ያነባል፣ ባለቤቱ ሲከፋውም ቀስ ብሎ ያዋራዋል፤ ስለዚህ አጠገብ የተቀመጠን ሰው ለማዋራት ምክንያት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። እኛ ዘንድ ጠብታ በር ላይ ባለው ሳህን ተቀምጦ ነው የሚገባው። ጠብታውን ያወለቀ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ልብሱን ያወለቀ ይመስላል። የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ እጁን ያያል፤ ጣራውን ያያል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሰውን ማናገር ዝም ከማሰኘት ይከብዳል። በአራት ዓመት የተማርኩት ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ እያወቁ መሳሳት። ጋሽ ያፌት የከተማችን የመጨረሻው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ጡረታ ወጡ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ፣ «የሐረጎ ቁልቁለት መታጠፊያው ሠላሳ ነው አሉ» ካልኩ ይበቃኛል።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሰዎች ሲሉ ሰማሁ።»

«ሰዎች! ሰዎች መሪ ጨብጠው ያውቃሉ? አርባ ሦስት ነው! አርባ ሦስቱንም በዚህ እጄ ነው ያጠፍኩት፤ ያውም ፍሬን እንቢ ባለኝ ቀን!»

«ትናንት አርባ አንድ ነበር ያሉን፣ ጋሼ» ትላለች እትዬ ኢክራም ከልብስ መጠገኛው ጠረጴዛ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሣ። «መንገዱ ሌሊት ሌሊት መታጠፊያ ይወልዳል እንዴ?»

«አንቺ መርፌሽን ጠብቂ!»

«እርስዎ ፍሬንዎን ይጠብቁ።»

እዚህ ከደረሱ እኔ መሄድ እችላለሁ። ለአንድ ሰዓት መብራት አለን።

እትዬ ኢክራም ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ልብስ ትጠግናለች። ቤቱን «ልጅቷ» ትላታለች። መብራቱ ሲደበዝዝ ጣራውን ቀና ብላ፣ «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ፣ አለን እኮ!» ስትላት መብራቱ ይመለሳል፤ እሷም የታዘዘች ልጅ እንዳየች ሁሉ ራሷን ነቅንቃ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እኔን «ሶልዬ» ትለኛለች። ሶልያና የሚለው ስሜ በልጅነቴ የዘመናዮች ስም ነበር፤ አሁን የአሮጊት ስም ነው። የዛሬ ልጆች የቅድመ አያቶቻችንን ስም መልሰው አምጥተዋል።

ከአዳራሹ በስተኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ቁልፏ ኪሴ ውስጥ ነው። የባለቤቴ የናሆም የጥረዛ ክፍል ነበረች።

ናሆም ጠራዥ ነበር። እድሳቱን ከእኔ ቀድሞ የወደደው እሱ ነው። እኔ ለመደርደሪያዎቹ ሳዝን እሱ የሻይ ጠረጴዛው የት ቢሆን እንደሚሻል ያስብ ነበር። «ሶልዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም አሰኝተሻቸዋል፤ እስቲ አሁን ደግሞ ምን ሊሉ እንደነበር እንስማ» አለኝ። ከእድሳቱ የተረፉትን ሦስት ሺህ ያህል መጻሕፍት አንድ በአንድ እየጠገነ መልሶ ይደረድራቸው ነበር። ክሩን የሚወስደው ከእትዬ ኢክራም ነው፤ ሰም የሚቀባው እሱ ነው። የጠገነው መጽሐፍ ሁሉ የኋላ ሽፋን ውስጥ በእርሳስ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ምን እንዳደረገለትና እንዴት እንዲያዝ። አንባቢ እንደማይኖረው እያወቀ ይጽፍ ነበር፤ ወይም እኔ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ እሑድ ቀን ሞተ። ስንብቱ እንደ ደንቡ አርባ ደቂቃ ነበር። ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ፎቆቹ ለድንኳን ቦታ የላቸውም፣ የምኖርበት ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ለአራት ሰው መቀመጫ አይበቃም። መቶ ስድሳ ሰው በጠብታ አጽናናኝ፤ ለሁሉም «ደርሶኛል» ብዬ መለስኩ። እትዬ ኢክራም ቤቴ ልትመጣ ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሥራ እንዳለብኝ ነገርኳት። ማክሰኞ ሥራ ገባሁ። ይህን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያስገደደኝ የለም።

በጥረዛ ክፍሏ ውስጥ፣ መጭመቂያው መሐል፣ አንድ መጽሐፍ እስካሁን ተጠፍሮ አለ። የከተማችን የድሮ የስልክ ቁጥር ማውጫ ነው፤ ስልክ በሽቦ በሚሠራበት ዘመን የታተመ። ግድግዳ ውስጥ ከሚገቡት ዝርዝር ላይ ነበረ። ናሆም ነው ከዝርዝሩ ያወጣው፤ «ሰው የሞላበት መጽሐፍ ግድግዳ አይገባም» ብሎ። መጭመቂያው ላይ በእጁ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፤ «ሙጫው አልደረቀም። እስከ ሰኞ አይከፈት።»

ከዚያ ወዲህ ስልሳ ያህል ሰኞዎች አልፈዋል። በየሳምንቱ አቧራውን ብቻ እጠርጋለሁ።

*

በሚያዝያ መጨረሻ ከከተማው የቤቶች ምዘና ደብዳቤ መጣ። ግንቦት ዐሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ቤቱ ይመዘናል። በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከተኛ «ባዶ ቤት» ተብሎ ይመዘገባል። ባዶ ቤቶች የባትሪ ማከማቻ ይሆናሉ። «የቀሩት የወረቀት ንብረቶች ለሌሎች ግንባታዎች ግድግዳ ይውላሉ» ይላል የመጨረሻው መስመር።

ደብዳቤውን አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«አንድ ጊዜ ከተኛች?» አለች እትዬ ኢክራም።

«አንድ ጊዜ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው፤ ስድስት ሰዓት ማውራት ነው! እኔ ለባሌ ሃምሳ ዓመት አውርቻለሁ፣ ያውም ሳይመልስልኝ።»

በዚያው ቀን ተራ አወጣች። ወረቀት አስፈለጋት፤ ከእኔ ወስዳ እንደ ማኅበር ጽዋ ተረኛ ስሙን ሁሉ በሰዓት በሰዓት ደለደለች። ከሁለት እስከ ሦስት ሐረጎ። ከሦስት እስከ አራት፣ የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ጮማ ለማን ቀድሞ መቅረብ ነበረበት የሚለው ክርክር፤ ሠርጉ ካለፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአራት እስከ አምስት ኳስ። ከአምስት እስከ ስድስት፣ የሰፈሩ የውሃ መስመር በማን ጥፋት እንደጠመመ። ከዚያ እስከ ስምንት እንደገና ሐረጎ፤ ጋሽ ያፌት ሁለት ሰዓት ካልተሰጣቸው አልመጣም ስላሉ።

«የእኔስ ተራ የት አለ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ታናግሪናለሽ እንጂ መቼ ትናገሪያለሽ?» አለች። በክፋት አልነበረም። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

*

የመጣችው መዛኝ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጥሩወርቅ የምትባል ቀጭን ሴት ናት። በር ላይ ሳህኑን አሳየኋት፤ ጠብታዋ የሥራ እንደሆነ በምልክት ነግራኝ ሳታወልቅ ገባች። ድምፅዋ ከሰዎቹ ጋር እንዳይቆጠር፣ ምዘናው እስኪያልቅ መናገር አይፈቀድላትም። አንገቷ ላይ «እባክዎ አያናግሩኝ» የሚል ካርድ አለ። መደርደሪያው ሥር ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ደህና አደርሽ?» አለቻት እትዬ ኢክራም።

ጥሩወርቅ ካርዷን አነሣች።

«እንዴ! ሰላምታም አይመለስም?»

ካርዱን ትንሽ ከፍ አደረገችው። ጆሮዋ ቀላ።

«ወይ ጉድ» አለች እትዬ ኢክራም ወደ እኛ ዞራ። «መገናኛ ቤት ሊመዝኑ የላኩልን የማትናገር ልጅ ነው። በሉ ሻይ ስጧት፤ ሻይ እንደሆነ ድምፅ የለውም።»

ሃምሳ አራት ሰው መጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ሞልቶ አላየሁትም። ሐረጎ በአርባ ሦስት መታጠፊያ ጀምሮ በአርባ ስድስት አለቀ። የጮማው ክርክር ከታሰበው በላይ ከረረ፤ ሁለት ሴቶች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተባባሉትን ተባብለው፣ ተላቅሰው፣ ታርቀው ተቀመጡ። ኳሱ ላይ አንድ ሰው ወንበር ረግጦ ወጣ፤ ዝናብ ሲጀምር ተመልሶ ገባ። የውሃው መስመር ጥፋተኛው ተገኘ፤ የሞተ ሰው ሆነ። መብራቱ ፍም መስሎ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ የጋሽ ያፌት ድምፅ ዘጋ። ሁለተኛው ሐረጎ መሐል ላይ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ፍሬን ያዘ» አለች እትዬ ኢክራም። ሰው ሳቀ። ግን የደከመው እሳቸው ብቻ አልነበሩም። አምስት ሰዓት ማውራት ልማዳችን ካልሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሳቁ ሲያልቅ የመጣው ዝምታ ረዘም አለ፤ የጣራው ዝናብ ተሰማ።

ጋሽ ያፌት መናገር ቢያቅታቸው ማንበብ አሰቡ መሰለኝ፤ ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ የድሮ የመኪና ጥገና መጽሐፍ አወጡ። ከኋላ ከፈቱት። ዓይናቸውን አጠበቡና በሹክሹክታ ያህል አነበቡ፤

«‹ጀርባው ተሰፍቷል። ክሩ የእትዬ ኢክራም ነው፤ አይበጠስም። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ሹፌር ከሆናችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። ናሆም።›»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ጋሽ ያፌት እጃቸውን ገልብጠው አዩ።

«እኔን ነው! ወላዲቱን፣ እኔን አስቦ ነው የጻፈው!»

ሁሉም ተነሣ። ለዓመታት ሰው ያልነካቸው መደርደሪያዎች ዙሪያ ተገፋፉ። መጻሕፍቱን ከኋላ እየከፈቱ ያነቡ ጀመር፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል። «ገጽ ዘጠና ላይ ያለው የሽሮ ጠብታ ታሪካዊ ነው፤ አልነካሁትም።» «ይህን መጽሐፍ አንድ ልጅ ሰባት ጊዜ ተውሶታል፤ አሁን ሐኪም ሆኗል፤ ለስምንተኛ ጊዜ ቢመጣ ብዬ ነው።» «ይህ ግጥም መጥፎ ነው፤ ስፌቱ ግን ጥሩ ሆኗል።» አንዷ የጻፈላትን አግኝታ ለሁሉም እየዞረች አሳየች። እኔ ግማሾቹን አላውቃቸውም ነበር። ከእሱ ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ማታ ማታ ስለ ሙጫና ስለ ክር ነበር የሚነግረኝ።

ጠረጴዛዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ቆጣሪው ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ከፍ ብሎ አልታየም።

«ሶልዬ» አለች እትዬ ኢክራም። ሁለት መጻሕፍት ደረቷ ላይ አቅፋለች። ፊቷ በደስታ ቀልቷል። «የመጨረሻው የቱ ነው? የመጨረሻ የጠገነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የሚያውቅ አልነበረም። እንደ አነጋጋሪ አንድ ስሕተት መናገር ነበረብኝ፤ አንዱን መጽሐፍ አንሥቼ «ይኼ ነው» ብል በቂ ነበር።

«የመጨረሻው መጭመቂያ ውስጥ ነው» አልኩ።

«እሱስ ምን ይላል?»

«ሙጫው አልደረቀም፤ እስከ ሰኞ አይከፈት ይላል።»

«እና?» አሉ ጋሽ ያፌት በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። «ምነው ታዲያ አልተከፈተም?»

«እሑድ ሞተ» አልኩ።

ቃሉን እስከዚያች ቀን በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ስንብቱን የመራው ሰው ነው የተናገረልኝ።

እትዬ ኢክራም መጻሕፍቱን ወንበር ላይ አኖረች። መነጽሯን አወለቀች። መጥታ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች። የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ሳበችኝ፤ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ጋሽ ያፌት ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ተሳቡ፤ ሰዎቹ እየወረዱ ወለሉ ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ መደርደሪያው ጥግ ተቀመጡ። የተማከረ የለም። ብዙዎቹ ለቅሶ ተቀምጠው የሚያውቁት በልጅነታቸው ነው፤ ግን እጃቸውን የት እንደሚያኖሩ ያውቁ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ይል ነበር። እኔ ሰዓት ማየት አልተውኩም፤ ሥራዬ ነው። ጀርባዬ የተደገፈው የሰሜኑን ግድግዳ ነው፤ ይሞቃል። የሚሰማው ዝናቡና በጉም መረቡ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነው።

በስድስተኛው ደቂቃ መብራቱ ደበዘዘ። አንድ ቃል ብናገር እንደሚመለስ አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃሉ። በሐዘንተኛ ፊት ግን ወሬ አይጀመርም፤ ሐዘንተኛዋ ካልጀመረች። የምጀምረው አጣሁ።

«ሰው አለ?» አለ ቤቱ።

ጋሽ ያፌት ጣራውን ቀና ብለው፣ ባለጌ ልጅ እንዳየ ሰው ተመለከቱና መልሰው አቀረቀሩ። እትዬ ኢክራም እጄን ያዘች። በመርፌ የደነደነውን ጣቷን አውቀዋለሁ፤ ናሆም ክር ሲቀበላት በዚያ ጣቷ ነበር የምትለካለት። በዚያች ሰዓት ስለ ቤቱ አላሰብኩም ብል ውሸት ይሆናል። አሰብኩ። ባትሪዎቹን አሰብኩ፤ መጻሕፍቱን አሰብኩ፤ እነዚህ ሰዎች ከነገ ወዲያ የት እንደሚሄዱ አሰብኩ። ቢሆንም ያለቀስኩት በዚያች ሰዓት ነው። ድምፅ አላሰማሁም።

«ሰው አለ?» አለ ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ።

ያን ጊዜ ጥሩወርቅን አየኋት። ቆማ ነበር። ለመጻፍ ያወጣችው እስክሪብቶ እጇ ላይ ነው። ጠብታዋ ጆሮዋ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭ ይል ነበር፤ የሆነ ነገር ይነግራታል። ትንሽ አዳመጠችው። ከዚያ አወለቀችውና በር ድረስ ሄዳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ጫማዋን እንዳይሰማ አውልቃ በእግሯ ጣቶች መጣች። ጋሽ ያፌት ጠጋ አሉላት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።

«ሰው አለ?» አለ ቤቱ። የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

ለመናገር ሞከርኩ። የእትዬ ኢክራም እጅ ጠበቀ፤ ተይው ማለቷ ይሁን በርቺ፣ አልገባኝም።

«አለን» አለች ጥሩወርቅ።

ድምፅዋን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ወፈር ያለ፣ የደሴ ልጅ ድምፅ ነው። መብራቱ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

*

ስምንት ሰዓት ላይ ምዘናው አበቃ። ሰዎቹ እንደ ድሮው በየተራ እየመጡ፣ «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» እያሉ እጄን ይዘው ወጡ። ናሆም ከሞተ ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። ለእያንዳንዱ «አሜን» አልኩ። «ደርሶኛል» አላልኩም።

ጥሩወርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ ሪፖርቷን በእጇ ጻፈች። ጠብታዋ አሁንም ሳህኑ ላይ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«ከሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት እስከ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ቆጣሪው ሰው አላገኘም። በዚያን ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ሃምሳ አራት ሰዎችና የቤቱ አነጋጋሪ ነበሩ። ሃምሳ ስድስተኛዋ እኔ ነኝ። ለቤቱ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ደንብ ጥሻለሁ። የሰዎቹ ዝምታ ግን የመውጣት ዝምታ አልነበረም። እንዲታረም የምመክረው ቆጣሪው ነው እንጂ ቤቱ እንዲዘጋ አይደለም።»

«ሥራሽን ያሳጣሻል» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል፣ እትዬ።» ጫማዋን አጎንብሳ እያሰረች ነበር። «አያቴ ስትሞት አርባ ደቂቃ ሰጡን። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ለቀጣዮቹ በሩን መክፈት ጀመሩ።»

በር ላይ ስትደርስ እትዬ ኢክራም ጠብቃት ኖሮ፣ «አሁንስ ደህና ዋልሽ ይባላል?» ስትላት ሰማሁ፤ ሁለቱም ሳቁ። ውሳኔው ዓርብ መጣ፤ ቆጣሪው እስኪመረመር የቤቱ መዘጋት ለስድስት ወር ተላልፏል። ስድስት ወር ብዙ አይደለም። መጻሕፍቱ ግን እስከዚያ መደርደሪያቸው ላይ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ጋሽ ያፌት እጃቸውን ታጥበው፣ እንዳይቆሽሽ ወደ ላይ ይዘውታል። እትዬ ኢክራም አንድ ጥቅል አዲስ ክር ይዛለች፤ ምናልባት ካስፈለገ ብላ። ሌሎችም ነበሩ። ማንንም አልጠራሁም።

የጥረዛ ክፍሏ ስለማትበቃን መጭመቂያውን ሁለት ሆነው አዳራሹ መሐል ጠረጴዛው ላይ አወጡት። ወረቀቷን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። እጀታውን ሳዞረው መጀመሪያ እንቢ አለኝ፤ ቀጥሎ ተንቋቋ፤ ላላ። መጽሐፉን አወጣሁት። ከጠበቅኩት ይከብዳል።

አዲስ የተጠረዘ መጽሐፍ መሐሉ ላይ ተበርግዶ አይከፈትም፤ ጀርባው ይሰነጠቃል። ጥቂት ገጽ ከፊት፣ ጥቂት ገጽ ከኋላ እየገለጡ፣ እያንዳንዱን በመዳፍ ዳብሰው እያስተኙ፣ እየተፈራረቁ ወደ መሐል ይመጣሉ። ናሆም ሲያደርገው ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ አድርጌው አላውቅም። ከፊት አምስት ገጽ። ከኋላ አምስት ገጽ። ከመዳፌ ሥር የሰዎች ስም ያልፋል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ሰፈር፣ ቁጥር። ሁሉም በጠረጴዛው ዙሪያ አንገታቸውን አስግገው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ጀርባው አንዲት ቀጭን ድምፅ አሰማ፤ አልተሰነጠቀም።

መብራቱ ደበዘዘ። ቀና አላልኩም። ገና መሐሉ ላይ አልደረስኩም።

«ሰው አለ?» አለ ቤቱ።

«አለን አልንሽ እኮ!» አለች እትዬ ኢክራም፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ጣራውን እያየች። «አሁን ዝም በይ፤ መጽሐፍ እየተከፈተ ነው።»